የውሃዋ ኪኒንና የጁምዓ ሶላት

አሶሳ ሥራ የጀመርኩት በመስኮት ገብቼ ነው። የመድኃኒት ክፍሉ ቁልፍ ከእኔ በፊት በነበረው ባለሙያ ኪስ ውስጥ እንዳለ አዲስ አበባ ገብቷል፤ በሩ ላይ ደግሞ ሃያ የሚሆን ሰው ተሰልፎ ይጠብቃል። የሆስፒታሉ ዘበኛ ጎንበስ ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ፤ ጫማዬን አውልቄ ትከሻው ላይ ቆምኩና ዘልዬ ገባሁ። ቀሚሴን ሚስማር ይዞ ተረተረው። ሰልፈኛው በሙሉ አጨበጨበልኝ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ድራጊስት፣ የመድኃኒት ባለሙያ፣ ሆኜ ከተመረቅሁ ሁለት ወር አልሞላኝም። ከደብረ ብርሃን እስከዚያ ድረስ በአውቶቡስ የተንገላታሁበት ድካም በዚያች ጭብጨባ ብን ብሎ ጠፋ።

ክልሉ ገና መቋቋሙ ነበር። ቢሮ የሚባለው አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ነው፤ ወንበሮቹ ለስብሰባ ከተወሰዱ ኃላፊው ቆሞ ይፈርማል። የበር ላይ ጽሑፉ ቀለም ሳይደርቅ የተደገፈ ሰው፣ ጀርባው ላይ ፊደል ታትሞበት ገበያውን ሲዞር ይውላል። ከየአገሩ ተመድበን የመጣን መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች እሑድ እሑድ ስንገናኝ ወሬያችን ሁሉ «እኛ ነን የጀመርነው» ነበር። ትምህርት ቤቱን እነሱ፣ ፍርድ ቤቱን እነዚያ፣ መድኃኒት ቤቱን እኔ። ከእኛ በፊት እዚያ ሰው ያልኖረ ይመስል! ወጣትነት ነው። ግን ደስ ይል ነበር፤ ዛሬም ሳስበው ልቤ ይፈጥናል።

በሆስፒታሉ የነበረው ሐኪም አንድ ብቻ ነው። ከእኔ ቢበዛ አምስት ዓመት ይበልጠኛል፤ ሲራመድ የሚሮጥ የሚመስል ቀጭን ሰው። ያዋልዳል፣ ይሰፋል፣ ጥርስም ይነቅላል። እኔና እሱ በመስኮቴ በኩል ቀኑን ሙሉ ስንጯጯህ እንውላለን፤ እሱ የሌለኝን ያዝዛል፣ እኔ ያለኝን እነግረዋለሁ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ የበርታ ሽማግሌ በቀርከሃ አልጋ ላይ ተጭነው መጡ። በሦስት ወር ውስጥ ሦስተኛ መምጣታቸው ነው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። እግራቸው እስከ ጉልበታቸው አብጦ፣ ሐኪሙ በአውራ ጣቱ ሲጫነው ጉድጓዱ ቶሎ አይሞላም። ጋደም ማለት አይችሉም፤ ቁጭ ብለው ነው የሚተነፍሱት፣ ትንፋሻቸውም እኔ ድረስ ይሰማል። በሽታቸው የልብ ድካም ነው፤ ልብ ደሙን መግፋት ስለሚያቅታት ውሃው እግርና ሳንባ ውስጥ ይጠራቀማል። ስኳርም አለባቸው። ሐኪሙ መርፌ ወጋቸው፣ ውሃው በሽንት ወጣ፣ በማግሥቱ ትራስ ተደግፈው ተኙ። እንደ ቀደሙት ሁለት ጊዜያት ማለት ነው። ዳኑ ተብለው ይሄዳሉ፣ በወሩ ይመለሳሉ።

ሐኪሙ መስኮቴ ላይ ክርኑን አስደግፎ ቆመ።

«እኚህ ሰውዬ መድኃኒታቸውን ይወስዳሉ?»

መዝገቤን ገለጥኩ። «ልጃቸው በየወሩ ትወስዳለች። አንድም ጊዜ አላሳለፈችም። የልቡን፣ የስኳሩን፣ የውሃውን፣ ሦስቱንም።»

«እሷ መውሰዷን አልጠየቅሁሽም። እሳቸው ይውጣሉ ወይ ነው ያልኩሽ።»

«እሱንማ እኔ በምን አውቃለሁ?»

«እኔም አላውቅም» አለና ሄደ። ይኼ አነጋገሩ ቀኑን ሙሉ ሲቆጠቁጠኝ ዋለ። እውነትም ኪኒኑ ከመስኮቴ ከወጣ በኋላ የት እንደሚገባ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ሽማግሌው ከወጡ በሳምንቱ ቤታቸው ሄድኩ። በቀርከሃ የታጠረ ሰፊ ግቢ ነው፤ ማንጎው ዛፍ ላይ የወቅቱ መጨረሻ ፍሬ ተንጠልጥሏል። ልጃቸው አርባ ዓመት የሚሆናት ደልዳላ ሴት ናት። እኔን ስታይ ነጭ ጋወን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነውና «ዶክተር መጣች!» ብላ ግቢውን አናወጠችው፤ ቀዝቃዛ ከርከዴ፣ ያን ቀይ የአበባ መጠጥ፣ አቀረበችልኝ። አባቷ ጓዳ ውስጥ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀምጠዋል። ሰላም ስላቸው እጃቸውን ብቻ አነሱ።

«እንዲህ ነው የሚውለው» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እናቴ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆነ። መጀመሪያ ሐዘን ነው አልን። አሁን ግን አይበላም፣ አያወራም። ሻይ ብቻ ይጠጣል፤ ሱከሩን አምስት ማንኪያ። አባቴን ድሮ ብታዪው! ጨውና ጨርቅ ይነግዳል፣ የሱዳን ድንበር፣ ኩርሙክ ድረስ ይሄዳል። በርታ ይናገራል፣ ዐረብኛ ይናገራል፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛ። ቤታችን ሰው አይጠፋም ነበር። ጎረቤት አሁን ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? ‹አርጅቷል፣ ተዪው› ይላል።»

«መድኃኒቱንስ ይወስዳሉ?»

«እኔ ራሴ በእጁ እሰጠዋለሁ። ከገበያ እንደተመለስኩ፣ አራት ሰዓት ላይ።»

ከግድግዳው በኩል ሳል ተሰማ። ሽማግሌው ቀስ ብለው ዞሩ፤ ከፍራሻቸው ሥር እጃቸውን ሰደው አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አወጡና ወደ እኔ ገፉት። ከፈትኩት። ውስጡ በትናንሽ ነጭ ኪኒኖች ተሞልቷል። የልቡ አይደለም፣ የስኳሩም አይደለም። የውሃው ኪኒን ብቻ፣ ተለቅሞ። ልጃቸው አፏን በእጇ ያዘች።

«አንተ ልጅ፣ ሩቅ መጣህ» አሉኝ። ለእሳቸው አማርኛ አራተኛ ቋንቋቸው ነው፤ ሴትም ወንድም «አንተ» ነው። «እኔ አልዋሽህም። ይቺን አልበላም። ይቺ ሶላት ይሰብራል።»

አልገባኝም፤ በዝግታ አስረዱኝ። ከሶላት በፊት መታጠብ አለ፤ ዉዱእ ይባላል። ሽንት ከመጣ ትጥበቱ ይፈርሳል፤ እንደገና መታጠብ ያስፈልጋል። ኪኒኗን ሲውጡ ደግሞ ሽንቱ በየሩብ ሰዓቱ ይመጣል። አንድ ጁምዓ መስጊድ ከሰልፉ መሀል ተነሥተው ወጡ። በሁለተኛውም ወጡ። በሦስተኛው ደጃፉ ሳይደርሱ ልብሳቸው ረጠበ።

«ኢማሙ ነገረኝ፤ ‹ለበሽተኛ ዲኑ ገር ነው፣ አትጨነቅ› አለኝ። እሱ ጥሩ ሰው ነው። ግን ልጆች አዩኝ። የልጅ ልጅ የሚሆኑ አዩኝ። ከዚያ ኪኒን ተውኩ። ኪኒን ስተው እግር አበጠ። እግር ሲያብጥ መስጊድ ቀረ። ሁለቱም ሄደ። እንግዲህ ለምን ልነሣ?»

ያን ጊዜ የተሰማኝን ነገር በምን ልንገራችሁ? ማዘን ይገባኝ ነበር፤ አዝኛለሁም። ነገር ግን ከሐዘኑ ሥር ሌላ ነገር ይንተከተክ ነበር። እሳቸው በስድስት ሰዓት ተኩል ሶላት አላቸው፤ ኪኒኗን በአራት ሰዓት ይውጣሉ። ኪኒኗ ከተዋጠች በአንድ ሰዓት ውስጥ ሥራዋን ጀምራ በስድስት ሰዓት ውስጥ ትጨርሳለች። ይኼን በፈተና ጽፌ ማርክ አግኝቼበታለሁ! ፖስታው ላይ ግን በገዛ እጄ የጻፍኩት «በቀን አንድ፣ ጠዋት» የሚል ብቻ ነው። አራት ሰዓትም ጠዋት ነው።

«አባባ፣ የንጋቱን ሶላት በስንት ሰዓት ነው የሚሰግዱት?»

«ሱብሂ? አሥራ አንድ ተኩል።»

ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። ጃንጥላዬን እዚያው ረስቼ በዝናቡ እየሮጥኩ ሆስፒታል ደረስኩ። ሐኪሙ አንድ ልጅ ክንድ ላይ ጄሶ እየጠቀለለ ነበር፤ በሩ ላይ ቆሜ አንድ ትንፋሽ ሳልወስድ ሁሉንም ነገርኩት። ጄሶ በነካው እጁ ግንባሩን መታ።

«ሰዓቱ! በቃ ሰዓቱ ነው!» አለ። «እኔኮ ሦስት ጊዜ አስተኛኋቸው። አንድም ቀን የት መሄድ እንደሚፈልጉ አልጠየቅኳቸውም።»

በማግሥቱ አብረን ሄድን። ሐኪሙ መሬት ላይ ከፊታቸው ቁጭ ብሎ አስረዳቸው፦ ሱብሂን ከሰገዱ በኋላ ወዲያው ኪኒኗን ይውጣሉ፤ እስከ ረፋዱ ሽንት ቤቱ አጠገብ ይቆያሉ፤ ስድስት ሰዓት ሲሆን ኪኒኗ ደክሟታል። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት።

«ካልደከማትስ?»

«እኔ ራሴ እዚህ እመጣለሁ፤ ሌላ እንሞክራለን።»

«እሺ» አሉ፤ ለእሱ ሲሉ ይመስላል እንጂ አምነውበት አልነበረም።

አንድ ነገር ግን ይቀረን ነበር። ውሃው መውረዱን ለማወቅ ክብደታቸውን በየቀኑ ማወቅ አለብን፤ የሆስፒታሉ የሰው ሚዛን ደግሞ ተበላሽቶ ሁሉንም ሰው አርባ ኪሎ ይላል። ገበያው ላይ ግን ትልቁ የእህል ሚዛን አለ። ባለቤቱ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥቶ የሰፈረ፣ ኋላ ወደ ንግድ የገባ ሰው ነው።

«እኔ ሰሊጥ ነኝ?» አሉ ሽማግሌው ስንነግራቸው። «በገበያ ልታስመዝነኝ?»

ልጃቸው ግን ክንዳቸውን ይዛ አስነሣቻቸው። ሦስት ጊዜ ቆመው እያረፉ ደረስን። የእህል ነጋዴው ጎንበስ ብሎ ጆንያ ሲሰፋ ነበር፤ ቀና ሲል አያቸው። መርፌው ከእጁ ወደቀ።

«የኔ ጌታ! አንተን ሞተ አሉኝ እኮ!» በዚያ በወሎ ድምፁ እየጮኸ አቀፋቸው። እዚህ አገር በመጣ በመጀመሪያው ዓመት ጨው በዱቤ የሰጡት፣ መንገዱን ያሳዩት እሳቸው ነበሩ። «ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ ምን ነካኝ? ምን ነካኝ ሳልመጣ?»

«ሞቼ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ዛሬ ለመመዘን መጣሁ።»

ሚዛኑ ላይ ወጡ። ሰባ አምስት ኪሎ። በአካባቢው የነበረ ሰው ሁሉ ተሰብስቧል። በሦስተኛው ቀን ሰባ ሦስት። በስድስተኛው ሰባ አንድ ተኩል። የገበያው ሰው ቆጠራውን እንደ ኳስ ጨዋታ ያዘው፤ እኔ ወደ ሥራ ሳልፍ ሴቶቹ ከሽንኩርታቸው ኋላ ሆነው «ዛሬ ሰባ ሆኑ!» ብለው ይነግሩኛል። እኔም ሳልፍ እጄን አነሣለሁ፤ ያሸነፍኩ ያህል። ሽማግሌው ራሳቸው መንገዱን አንድ ጊዜ ብቻ አርፈው መጨረስ ጀመሩ። ነጋዴው በየቀኑ ወንበር አውጥቶ ይጠብቃቸዋል፤ ሻይ ያቀርባል። ስኳሩ ላይ ስንጣላ ከአምስት ማንኪያ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ ወረዱ፤ «ይኼ ሻይ አይደለም፣ የእጅ መታጠቢያ ነው» እያሉ።

ከዚያ መስጊድ እሄዳለሁ ያሉበት ዓርብ መጣ። ከመስጊዱ ፊት ለፊት ባለች ሻይ ቤት ገብቼ በሩን እያየሁ ተቀመጥኩ። ክርስቲያን ነኝ፤ ሶላት እንዲህ አስጨንቆኝ አያውቅም። በስድስት ሰዓት ተኩል ነጭ ጀለቢያ ለብሰው በልጃቸው ባል ክንድ ተደግፈው ገቡ። እኔ ሻዬን አላማሰልኩም። አንድ ሰው ከውስጥ ወጣ፤ ደነገጥኩ፤ ሌላ ሰው ነው። ሌላ ሰው ወጣ፤ እሱም አይደለም። በመጨረሻ ሶላቱ አልቆ ሕዝቡ ሁሉ ጎረፈ። እሳቸው ግን የሉም! መቼ ወጥተው አመለጡኝ ብዬ ብርጭቆዬን እንደያዝኩ ተነሣሁ።

የወጡት የመጨረሻ ሆነው ነው። ሰው ሰላም እያላቸው፣ እያቀፋቸው፣ አላስወጣ ብሏቸው ነበር። ከመንገዱ ማዶ አዩኝ። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል፣ ከዚያ ጠባብ ደረት እንዲህ ያለ ድምፅ ይወጣል ብዬ አልጠበቅኩም።

«አንተ ልጅ! አልወጣሁም! ወላሂ አንድ ጊዜ አልወጣሁም!»

ብርጭቆው ከእጄ ወድቆ ተሰበረ። የሻይ ቤቷ ባለቤት ምን እንደሆነ ሳታውቅ እልል አለች።

ነገሩ ግን በዚያ አልተፈጸመም። ነሐሴ ላይ ዝናቡ ለስድስት ቀን ሳያባራ ሲቀር ሽማግሌው መውጣት ተዉ፤ እንደገና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ኪኒኗን እየዋጡ ነው፣ እግራቸውም አላበጠም። እኔ ተናደድኩ። «ምን ጎደላቸው አሁን?» አልኩት ሐኪሙን።

«ይኼኛው ሌላ በሽታ ነው» አለኝ። «ድብርት የምንለው፣ የሐሳብ ጨለማ። ልብ ሲደክም ይመጣል፣ ስኳርም ያባብሰዋል፣ ብቸኝነትም። እሱ ሲመጣ ደግሞ ሰው ኪኒኑን ይተዋል፣ መራመዱን ይተዋል። እርጅና ነው ተብሎ የሚተው ነገር አይደለም።»

«መድኃኒት አለው አይደል? መደርደሪያዬ ላይ አንድ ዓይነት አለ።»

«ያ ያለሽ ለደከመ ልብ አይስማማም፤ ምት ያዛባል። ስለዚህ በሌላ መንገድ እንሂድ። እንዲራመዱ፣ ሰው እንዲያገኙ፣ የሚጠብቃቸው ሥራ እንዲኖራቸው። አንድም ቀን ብቻቸውን እንዳንተዋቸው።»

እኔ ሥራ ከየት አመጣለሁ ብዬ ስጨነቅ ሥራው ራሱ መጣ። አንድ ማክሰኞ ዝናቡ አባርቶ፣ ልጃቸው ጎትጉታቸው፣ የልባቸውን ኪኒን ለመውሰድ ራሳቸው መጥተው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። መስኮቴ ላይ ሕፃን ያዘለች የገጠር ሴት ቆማለች። ሽሮፑን እንዴት እንደምትሰጥ አስረዳኋት፤ ራሷን ነቀነቀች፤ ሄደች።

«አንተ ልጅ» አሉኝ ከአግዳሚው። «እሷ አልሰማህም።»

«እሺ እኮ አለችኝ፣ አባባ።»

«እሺ ያለው አፍሮ ነው። አማርኛ አያውቅም።»

ተነሥተው ሴትዮዋን ከበሩ መለሷት። በበርታኛ ሲነግሯት ፊቷ ሲከፈት አየሁ፤ ትጠይቃለች፣ ይመልሳሉ፣ ማንኪያውን በጣታቸው ይለካሉ። ጠርሙሱን በሙሉ በአንድ ቀን ልታጠጣው ነበር ለካ! እኔ ደግሞ ወራት ሙሉ ሰው ሁሉ ሲነቀንቅልኝ የገባው መስሎኝ በኩራት ቆይቻለሁ። አፈርኩ፤ ከዚያ ደግሞ ደስታው መጣ።

«አባባ፣ ሐሙስ ይመጣሉ?»

«ሐሙስ ሰው አለ?»

«ብዙ ሰው አለ።»

መጡ። ከዚያ ማክሰኞና ሐሙስ የእሳቸው ቀን ሆነ። ዘበኛው ከመስኮቴ አጠገብ ወንበር አኖረላቸው። ተርጓሚ ብቻ አልነበሩም፤ አንዱን «ኪኒንህን አሳየኝ» ይላሉ፣ ሌላውን «በስንት ሰዓት ትበላለህ? ጾም አለህ? እርሻ ትሄዳለህ?» ብለው ይመረምራሉ። ሐኪሙ ያላሰበውን፣ እኔ ያልጠየቅኩትን። የሚከፋቸው ቀን አልጠፋም፤ አንዳንድ ሐሙስ ወንበሩ ባዶ ይሆናል። ያን ጊዜ ወይ ነጋዴው፣ ወይ ሐኪሙ፣ ወይ እኔ ቤታቸው እንሄዳለን፤ ምንም ሳንል አብረን እንቀመጣለን። ብዙውን ጊዜ በሚቀጥለው ማክሰኞ ይመጣሉ።

በሁለተኛው ዓመት፣ ማንጎ ደርሶ ከተማው በሙሉ ሲሸት፣ የሥራ ቀናቸው ባልሆነ ረቡዕ መጡ። ሰልፉ እስኪያልቅ ጠበቁ። መስኮቱ ላይ ተጠግተው ግራ ቀኝ አዩ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ማንጎ አይደለም።»

ማንጎ ለስኳራቸው ስለሚከብድ በቀን ግማሽ ብቻ ፈቅደንላቸው በየቀኑ እንጨቃጨቃለን። «ይጠይቁኝ።»

«ሰው ሚስት ቢያገባ… ይቺ የልብ ኪኒን፣ ይቺ የውሃ ኪኒን፣ ምንም አይልም?»

ለአፍታ አልገባኝም። ሲገባኝ ጩኸቴ ተኝቶ የነበረውን ዘበኛ አስነሣው። ሐኪሙ ሰው ሞተ ብሎ እየሮጠ መጣ። ነገርኩት፤ እሱም ጮኸ። ሽማግሌው በሁለታችን መሀል ቆመው፣ ሊቆጡ ፈልገው፣ ሳቃቸው አምልጦ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

ሴትዮዋ እንደ እሳቸው የትዳር ጓደኛ የሞተባቸው፣ በእኔ መስኮት ላይ ለደም ግፊታቸው ኪኒን ሊወስዱ ሲመጡ የተዋወቋቸው ናቸው። «መጀመሪያ በስንት ሰዓት እንደሚበላ ጠየቅሁት» አሉን ሽማግሌው፣ በዚያ አማርኛቸው። «ሁለተኛ ማን ምግብ እንደሚሠራለት ጠየቅሁት። ሦስተኛ… ሦስተኛ አልናገርም።»

ልጃቸው ምን ትል ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር። የሰርጉ ቀን ግን ከሁሉ በላይ እልል ያለችው እሷ ናት። ግቢው በሰው ተሞላ፤ የገበያው ሰው፣ የመስጊዱ ሰው፣ ከየቢሮው የመጡ ሠራተኞች። ረጃጅሙ የቀርከሃ መለከት ሲነፋ መሬቱ ከእግሬ ሥር ሲርገበገብ ተሰማኝ። የእህል ነጋዴው የወሎ እስክስታውን በመለከቱ ምት ሊያስገባ እየታገለ ላቡ ይንቆረቆራል። ሐኪሙ ክብ ሠርተው ከሚጨፍሩት መሀል ገብቶ እግሩን ያጠላልፋል። ሙሽራው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው በእጃቸው ይመቱ ነበር፤ ትንሽ ቆይተው ተነሡና ሁለት ዙር ዞሩ። በሦስተኛው ሙሽሪት ጎትተው አስቀመጧቸው፤ «ይበቃል፣ ልብህ!» እያሉ።

እኔ አሶሳ አራት ዓመት ሠራሁ። ስለቅ ሽማግሌው በሕይወት ነበሩ፤ የሚያርፉበት ሐሙስ በርክቶ ነበር፣ አንድ ጊዜም ዳግመኛ ሆስፒታል ተኝተው ወጥተዋል፤ ግን ይመጡ ነበር። በኋላ ወንበሩን ለአንዲት ከእሳቸው ቋንቋውንና መመርመሩን ለተማረች ጽዳት ሠራተኛ እንደለቀቁላት ሰማሁ። እኔ ከዚያ ወዲያ ባለፍኩባቸው መድኃኒት ቤቶች ሁሉ ፖስታ ላይ «ጠዋት» ብዬ ብቻዋን ጽፌ አላውቅም። ብዕሬን አስቀምጣለሁና፣ ከመስኮቱ ማዶ የቆመውን ሰው «ነገ ጠዋት የት ነው የሚሄዱት?» ብዬ እጠይቃለሁ።